ወሬ ነጋሪና የጦር አለቃ

ያገራችን ሰው የጦርን ክፋት ሲገልጥ «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» ይላል፤ ከመሞት ይልቅ የሚናገርለት ማጣት ይከብደዋልና። በቀድሞው ዘመን ይህን አገልግሎት የያዘው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረ። እርሱ ከንጉሡ ሰፈር እያደረ ከንጉሡ ማዕድ ይበላ ስለ ነበረ ከጦር አለቆች ጋር የሚያከራክረው ነገር አልነበረውም፤ በዜና መዋዕል ውስጥ የሽንፈት ምዕራፍ የሚፈልግ ሰውም ብዙ ቅጠል መግለጥ አለበት።

ክርክሩ የመጣው የንጉሥ እንጀራ የማይበላ ጸሐፊ በመጣ ጊዜ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ሲሻገር፥ ከመቶ የሚበልጡ የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። ጦርነቱ በትግሬ፥ እነርሱ በሆቴል! የወሬው ቢሮ ሹም ሎሬንዞ ታእዛዝ ከሚሰጣቸው አጭር መግለጫ በቀር ወደ ሰሜን ግንባር የሚያልፉበት ፈቃድ ተከለከለ።

የአለቆቹ ምክንያት ቀላል አልነበረም። ሰማዩን የሚጠብቅበት አውሮፕላን የሌለው ጦር የሰፈረበት ቦታ በቴሌግራም ቢጻፍ፥ ቦምቡ ወሬውን ተከትሎ ይመጣል። ደግሞም ወታደሩ ነጭን ሁሉ ኢጣልያዊ መስሎት እንዳይገድል ይፈራ ነበር። ጋዜጠኞቹ ግን ወሬ ሲያጡ ከገበያ ሐሜት ይገዙ ጀመር። ለዴይሊ ሜል ይጽፍ የነበረው ኢቭሊን ዋው በኋላ በዚሁ ነገር የሚሳለቅ ልብ ወለድ አሳተመ።

በኅዳር ደሴ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሣለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ። ጋዜጠኞቹ በዓይናቸው አይተው ስለ ጻፉ ዓለም ሰማ። ያች አንዲት ቀን የብዙ ሳምንት መግለጫ ያልሠራውን ሠራች። ነገር ግን ከደሴ ወዲያ ያለው መንገድ እንደ ተዘጋ ቀረ፤ ጋዜጦቹም ሰዎቻቸውን ወደየአገራቸው ጠሩ። በታኅሣሥ በተከዜ የመርዝ ጢስ ሲወርድ ኢጣልያ ለመካድ ሰፊ ቦታ አገኘች፤ በእርሷ በኩል የነበሩትን ጋዜጠኞች ማርሻል ባዶልዮ አጥብቆ ይዟቸው ነበርና። ጥንቃቄው በራሱ ባለቤት ላይ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው፥ ቀጥሎም በአሸንጌ የሆነው ከሆነ በኋላ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በላስታ ተራሮች አልፈው በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጸለዩ። በደሴ ተሰብስበው ከነበሩት ከዚያ ሁሉ ጋዜጠኞች ይህን ለማየት የቀረ አልነበረም። የለንደኑ ታይምስ ጸሐፊ ጆርጅ ስቲር አዲስ አበባ እስክትያዝ ቆይቶ ስለ ነበረ ኢጣልያኖች አባረሩት። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ስለ መርዙ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ምስክር ሆነው ሲቆሙ፥ በፉጨት ያወኳቸው የኢጣልያ ጋዜጠኞች ነበሩ።

ለላስታ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ስልክም ተቋረጠ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መንግሥት ከተፈቀደለት ክፍል በቀር ማንም የጦርን እንቅስቃሴና ውጤት እንዳያወራ አዘዘ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ከተማይቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ደጋግማ ስታልፍ፥ በአዲስ አበባ ያለ የላስታ ልጅ ስለ እናቱ የሚጠይቀው መንገደኛን ነበረ።