በአንድ ዳዶ የታሰረ ጎማ

እ.ኤ.አ. በ1908 በፈረንሳይ ዲየፕ ለተካሄደው ታላቅ የመኪና ውድድር የእንግሊዙ መኪና አምራች ኔፒየር መኪኖቹን አዘጋጅቶ ነበር። ፈረንሳዮቹ ግን ጎማዎቹን አልተቀበሏቸውም። ከነቸርኬው በቅጽበት ወልቆ የሚተካ ጎማ ያለአግባብ ብልጫ ይሰጣል ተባለ፤ ኔፒየርም ከውድድሩ ወጣ።

ያን ጎማ የሠራው በኮቨንትሪ ብስክሌት ያመርት የነበረው ሩጅ ዊትዎርዝ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ጆን ፑ ባለሽቦውን ቸርኬ በመሐል በአንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ እንዲታሰር አደረገው። እስከዚያ ድረስ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ቸርኬው መኪናው ላይ እንዳለ ጎማውን መንገድ ዳር በመፈልቀቂያ ሲታገል ይውል ነበር።

አንድ ዳዶ የመኪናውን ጫና ሁሉ እንዴት ይችላል? ሥራው የዳዶው ብቻ አይደለም። መኪናው ላይ የሚቀረው እምብርት ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የቸርኬው መሐልም ከውስጥ እንዲሁ። የሞተሩንና የፍሬኑን ኃይል የሚሸከሙት እነዚህ የተጠላለፉ ጥርሶች ናቸው። ቸርኬው ከኋላ እንደ ሾጣጣ በተሞረደው የእምብርቱ ትከሻ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊት ደግሞ ውስጡ የሾጠጠው ዳዶ የቸርኬውን ሾጣጣ አፍ ከላይ ያቅፈዋል። በሁለቱ መካከል ሲጨመቅ ጎማው መሐሉን ይይዛል፣ መወዛወዝም ያቆማል።

ትልቁ ብልሃት ግን የጥምዙ አቅጣጫ ነው። የግራው ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የቀኙ በተቃራኒው። ብዙ ሰው ምክንያቱ ፍሬን ይመስለዋል። አይደለም። ሰፊ ቀለበት በቀጭን እንጨት ላይ አንጠልጥሎ እንጨቱን የሚያሽከረክር ሰው ቀለበቱ በየዙሩ ጥቂት ወደ ኋላ ሲቀር ያያል። ትንሽ የላላ ዳዶም በቸርኬው አፍ ላይ እንዲሁ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ መቅረቱ ደግሞ መጥበቅ ነው። መኪናው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ዳዶው ራሱን ያጠብቃል ማለት ነው። ጥገና ላይ የግራና የቀኙ እምብርት ከተቀያየረ ግን ያው ኃይል ዳዶውን ይፈታዋል፤ ጎማውም መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

ፈረንሳይም ሐሳቧን ቀየረች። በ1923 የመጀመሪያው የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ሲካሄድ ዋንጫው የሩጅ ዊትዎርዝን ስም ይዞ ነበር። ሚላኖ ውስጥ ካርሎ ቦራኒ በፈቃድ ያመረታቸው ቸርኬዎች ኋላ ፌራሪን አስጊጠዋል፤ በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕም በዚሁ አሠራር ታስሯል። በመዶሻ የሚመታው ባለጆሮ ዳዶ ግን እግረኛ ይጎዳል ተብሎ ከ1968 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በአዲስ መኪኖች ላይ ተከለከለ፤ በምትኩ ባለስምንት ማዕዘን ዳዶ መጣ።

ዛሬ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ዳዶውን በመዳብ ወይም በእርሳስ መዶሻ ያጥብቅ፤ ጥቂት ነድቶም እንደገና ይፈትሽ። ሲነሳ ወይም ፍሬን ሲይዝ ከጎማው መሐል ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ ጥርሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የተበላ ጥርስ በመዶሻ ብዛት አይድንም፤ እምብርቱና ቸርኬው አብረው መቀየር አለባቸው።