ስንቱ ተመዘገበ፣ ስንቱ ተፈተነ፦ የተማሪዎች ስብጥርና የትምህርት ውጤት ከማክሰኝት አንጻር

አጠቃሎ

የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት፣ ተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑና ከተመዘገቡት ስንቱ ለፈተና እንደበቃ ሳይታወቅ ሊተረጎም አይገባም የሚለው የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ነው። መከራከሪያው በሀገር አቀፍ ምዘናዎች ላይ ይመሠረታል፤ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ማክሰኝት ደግሞ ጉዳዩ በተጨባጭ የሚታይባት ቦታ ናት።

1. የጥያቄው መነሻ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ክርክሩ ወዲያው ወደ ታችኛው እርከን ወረደ። ለዚህም ምክንያት ነበረ፤ በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሆኖም ወቀሳው ከሀገር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሲወርድ በእጅ የሚቀረው አማካይ ውጤት ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍም ከመቶው 25 ለግብዓት፣ 35 ለሂደት፣ 40 ለውጤት ስለሚሰጥ፣ ይህ ቁጥር በትምህርት ቤቱ ስም ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ቀላል አይደለም።

2. ተሳትፎ ሲሰፋ አማካዩ ለምን ወረደ?

በሀገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5 በመቶ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40.9 በመቶ አሽቆለቆለ። በዚሁ ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከ51 ወደ 95.6 በመቶ አደገ። የተለመደው ትርጓሜ «ጥራት ወደቀ» የሚል ነው። የክፍሎች መጨናነቅ፣ የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረት ይህን ትርጓሜ ይደግፋሉ። ይሁን እንጂ በ1992 ዓ.ም. የተፈተኑትና በ2000 ዓ.ም. የተፈተኑት ልጆች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ቀድሞ ደጁን ያልረገጡ የገበሬ ልጆች፣ ከቤታቸው ፊደል የቆጠረ ሰው የሌላቸው ሁሉ፣ ወደ ክፍል የገቡት በእነዚህ ዓመታት ነው። ስለዚህ ከውድቀቱ የተወሰነው የማስተማር ድክመት፣ የተወሰነው ደግሞ በሩ በመከፈቱ የመጣ ነው። አማካዩ ሁለቱን ለይቶ አያሳይም።

3. ማክሰኝት፦ መንገድ፣ እርሻና ክፍል

ማክሰኝት ከጎንደር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጎንደር–ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት የመንግሥት ሠራተኛና የነጋዴ ልጆች፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ በየቀበሌያቸው ተምረው ከመጡ የገበሬ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ይጋራሉ። አንዱ ከ1ኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል አልፎ መጥቷል፤ ሌላው ፊደሉን ከቄስ ትምህርት ቤት ይዞ መጥቷል፤ ሌላው ሁለቱንም አላገኘም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ዝውውር በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያለ መውደቅ እንዲሆን ስለተደረገ፣ ልዩነቱ ተሸፋፍኖ ቆይቶ 4ኛና 5ኛ ክፍል ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ልዩነት የወቅት ነው። በጉማራ–ማክሰኝት ተፋሰስ የሚኖረው ገበሬ ጤፍ፣ ማሽላና ሽምብራ ያመርታል። አጨዳና ውቂያ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ደግሞ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የገጠሩ ልጅ በብዛት የሚቀረው ክለሳ በሚካሄድበት ሰሞን ነው። የጾታ ልዩነትም መልክ አለው። ወንዱ ብዙ ጊዜ ከብት ጠብቆ ዘግይቶ ይገባል፤ ሴቷ በጊዜ ገብታ፣ በላይኛዎቹ ክፍሎች በቤት ሥራ ወይም ሕጉ ከ18 ዓመት በታች በከለከለው ጋብቻ ታቋርጣለች። ሁለቱን በአንድ «ያቋረጡ» ዓምድ መደመር ምክንያቱን ይደብቃል።

4. ተፈታኝ ብቻ ሲቆጠር

በምሳሌ እንየው። «ሀ» እና «ለ» ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 100 ልጆች 1ኛ ክፍል አስገቡ እንበል። በ«ሀ» 8ኛ ክፍል ደርሰው ሚኒስትሪ የተፈተኑት 40 ሲሆኑ 30 አለፉ፤ የማለፍ ምጣኔው 75 በመቶ ነው። በ«ለ» 70 ተፈትነው 45 አለፉ፤ ምጣኔው 64 በመቶ ነው። ወረዳው የሚሸልመው «ሀ»ን ነው። ከገቡት ሲሰላ ግን «ሀ» 30፣ «ለ» 45 ልጆችን ለፍሬ አብቅተዋል። ደካማውን ያንጠባጠበ ትምህርት ቤት ጎበዝ ይመስላል፤ ደካማውን ይዞ የዘለቀው ይቀጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ይህን ችግር አባብሶታል። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ሲከፈቱ የሚቀመጡት ተፈታኞች መድረስ የቻሉት ናቸው። የእነዚህን ዓመታት ውጤት ከቀደሙት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ስለዚህ አሳሳች ነው።

5. ስብጥር ሰበብ እንዳይሆን

ይህ ሁሉ «ልጆቹ ድሆች ስለሆኑ ነው» ወደሚል ሰበብ ሊያመራ አይገባም። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ያካተተው የኮልማን ሪፖርት ለውጤት ልዩነት የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ይበልጣል ብሎ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ሄይንማንና ሎክስሊ 29 አገሮችን አነጻጽረው ያገኙት ግን በድሃ አገሮች የመምህሩና የትምህርት ቤቱ ጥራት ድርሻ ከቤተሰብ ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ ነው። ለማክሰኝት ዓይነቱ ትምህርት ቤት ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ በመምህሩ ላይ የሚጥለው ተስፋ ከሌላው ይበልጣል። ስብጥሩን ማወቅ የሚጠቅመው ድጋፉ ለማን፣ በየትኛው ወር እንደሚያስፈልግ ለመለየት ነው።

6. ማጠቃለያ

ለዚህ አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ ሮስተሩ አለ። ከማርኩ ጎን የልጁ ዕድሜ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ ኦ ክፍል መግባት አለመግባቱና በወር የቀረበት ቀን ይመዝገብ። ወረዳው ውጤትን በሁለት ምጣኔ ያቅርብ፦ አንደኛው ከተፈተኑት፣ ሁለተኛው ከዓመታት በፊት 1ኛ ክፍል ከገቡት። የማካካሻ ትምህርት ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ ሳይሆን አዝመራው እንደተሰበሰበ፣ ከፈተናው በፊት ይሰጥ። ሁለተኛው ምጣኔ በይፋ እስካልተነገረ ድረስ፣ ርዕሰ መምህሩ ደካማ ተማሪ ሲያቋርጥ ውጤቱ የሚሻሻልለት ሰው ሆኖ ይቀጥላል፤ ሥርዓቱ ሊያስወግደው የሚገባው መጀመሪያ ይህን ጥቅም ነው።