የእንጦጦ ደን የሩጫ መንገዶች፤ አመጣጣቸውና ጠራጊዎቻቸው

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ቁስቋም ማርያምን ወደ ኋላ ትቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው፥ ዋናውን መንገድ ጥቂት እንደ ለቀቀ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሽሎከሎኩ አያሌ ቀጫጭን መንገዶች ያገኛል። አንዳንዶቹ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው። ንጋት ላይ ስፖርተኞች በአንድ ረድፍ ሆነው ስለሚሮጡባቸው ዛሬ ብዙ ሰው የሯጮች መንገድ ይላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ መንገዶች እንዴት እንደ ተገኙና ማን እንደ ጠረጋቸው መመርመር ነው። አስቀድሜ ለመናገር ያህል፥ ሯጩ በዚህ ደን ውስጥ ከሁሉ በኋላ የመጣ እንግዳ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ደኑ ራሱ ተተክሎ የበቀለ እንጂ የጥንት አይደለም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት በእንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ተራራው ጽድና ወይራ፥ ኮሶም የነበረበት አገር ነበረ። ቦታው ለጦር ምሽግነት የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የጸና ነበር፤ ማገዶና ውኃም በቅርብ አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትቈረቈር ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ይሁን እንጂ ተራራው ወዲያው አልተተወም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው።

አዲሲቱ ከተማ እንጨት በላተኛ ነበረች። ቤተ መንግሥቱ የሚያበላው ሠራዊት፥ የየመኳንንቱ ሰፈር፥ ለቤትና ለአጥር የሚቈረጠው ምሰሶ፥ በየምድጃው የሚነደው ማገዶ ሁሉ ከአካባቢው ተራራ የሚወርድ ነበረ። ጽድ ደግሞ ቶሎ አይተካም፤ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ የቈረጠው ሰው ልጅ እንኳ ሲያድግ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ ተራራው ተመለጠ። ነገሩ እየከፋ ስለ ሄደ በ1893 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ደን ባለበት አገር፥ አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። የማገዶ እጦት አንድን ዋና ከተማ ከቦታው ሊነቅል ደርሶ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢው ልብ ቢለው እወዳለሁ፤ የዛሬው የሩጫ መንገድ የተወለደው ከዚህ ጭንቅ ነውና።

ከተማይቱን በቦታዋ ካስቀሯት ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራልያ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ማን እንዳመጣው ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳይየ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ሕዝቡ ግን አምጪውን ትቶ መምጫውን ያዘና ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው ሲል ባሕር ዛፍ አለው። ጥቅሙ ፈጥኖ ማደጉ ብቻ አልነበረም። ሲቈረጥ ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል፤ በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥም ለማገዶና ለአጠና ይደርሳል። የከተማው ሰው በየግቢው፥ ባለርስቱም በየተራራው ተከለው። አዲስ ዓለም የታሰበላት ዋና ከተማነት ቀርቶ ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ እንጦጦ በባዕድ ዛፍ እንደገና አረንጓዴ ለበሰ።

ባሕር ዛፍ ስለሚያደርሰው ጉዳት በየጊዜው ብዙ ተነግሯል፤ ውኃ ይመጣል፥ ሌላ ተክል ከሥሩ አያስበቅልም ይባላል። ነቀፋው ብዙውን ጊዜ እውነትነት አለው። ለሩጫ ግን ይኸው ጕድለቱ በጎ ሆኖ ተገኝቷል። የአገር በቀል ደን ውስጡ ቍጥቋጦና ሐረግ ስለ ሆነ ሰው ከመንገዱ ወጥቶ ሊሮጥበት አይችልም። በባሕር ዛፍ ሥር ግን መሬቱ ገላጣ ነው፤ ግንዱም ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ሯጭ ዛፉን በግራና በቀኝ እየተወ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ማለፍ ይችላል። የእኛ ሯጮች በደን ውስጥ መሪያቸውን ተከትለው በዚህ ዐይነት ሲሮጡ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የወደቀው ቅጠልና ልጥም መሬቱን ያለሰልሰዋል። በዚህ ላይ የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ በዚያ የለመደ ሳንባ ወደ ቈላ ሲወርድ ይቀለዋል።

ይሁን እንጂ ዛፍ ብቻውን መንገድ አይሠራም። መንገዶቹን የጠረጉት ሰዎች እግር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች እግር። ከከተማው ዳር ያሉ ድኾች ሴቶች ሌሊት ወጥተው ጭራሮና ቅጠል ይሰበስባሉ፤ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ ተፈላጊ ነው። ከዚያም ሸክሙን በገመድ ጠፍረው በጀርባቸው አዝለው፥ ጐብጠው ቍልቍል ይወርዳሉ። ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ነው። አንድ ሰው ይህን ያህል ተሸክሞ በቀጥታ ገደሉን ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ ተዳፋቱን በአግድም እየቈረጠ፥ ጕልበት የሚያሳርፈውን መስመር እየመረጠ ይሄዳል። ደግሞም የደን ዘበኛ ከቆመበት በር ርቆ ነው የሚሄደው። ከመንገዶቹ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ዞሮ የሚመጣ የሚመስለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ አሠልጣኝ ለሯጩ ልክ ነው ብሎ የሚመርጠው ልከኛ ዳገት፥ መጀመሪያ የተመረጠው በሸክም በጐበጠ ጀርባ ነው ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሌላ ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል የሚሳለመው ሕዝብ፥ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄደው በሽተኛ፥ ከሱሉልታ በኩል አህያ እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ የየራሱን መንገድ ጠርጓል። ጅብም ድርሻ አለው፤ በማለዳ ብቻውን የሚወጣ ሯጭ ይህን አይዘነጋም።

እንግዲህ ሯጩ መቼ መጣ? በደን ውስጥ መሮጥን እንደ ትምህርት አድርጎ ያስፋፋው የስዊድን አገር ነው። ጎስታ ሆልመር የተባለው አሠልጣኝ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋርትሌክ የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ ትርጓሜውም የፍጥነት ጨዋታ ማለት ነው። ሯጩ በሰዓትና በመም ሳይታሰር በጫካ ውስጥ እንደ መሬቱ አቀማመጥ አንዴ ይፈጥናል፥ አንዴ ያዘግማል። ጉንደር ሄግ በዚህ ዐይነት ልምምድ አድጎ በ1942 እ.ኤ.አ. በአንድ በጋ ብቻ 10 የዓለም ሪኮርድ ሰበረ። በዚያው አገር ያደገው ኦኒ ንስካነን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክቡር ዘበኛን ወታደሮች በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ዳገትና ሜዳ አሠለጠነ። ከእነዚህ አንዱ አበበ ቢቂላ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ ደግሞ ደገመው።

ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን ሁሉ የፈረንጅ ትምህርት ውጤት የሚያደርግ ሰው አለ። እኔ አልስማማም። ንስካነን ሥርዐቱንና መዝገብ አያያዙን አመጣ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፥ ሊካድም አይገባም። ዳገቱን፥ ከፍታውንና የተጠረገውን መንገድ ግን እዚሁ ነው ያገኘው። በእግሩ ሩቅ መሄድ የኖረበትን የሸዋ ገበሬ ልጅም ከስዊድን አላመጣውም። ኋላም እነ ወልደ መስቀል ኮስትሬ ያሠለጠኗቸው፥ እነ ደራርቱ ቱሉና ኀይሌ ገብረ ሥላሴ፥ የእንጦጦን ስም በሯጮች ዘንድ አስጠሩት። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሆነች።

የሚያሳዝነው የሁለቱ መንገደኞች ዕጣ አለመመሳሰሉ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆኑ ደኑም ከባለርስቱ እጅ ወጣ። ለተሸካሚይቱ ግን የተለወጠው የዘበኛው አሳዳሪ ብቻ ነው፤ ከተያዘች እንጨቷን መቀማቷ አልቀረላትም። ሯጩን ግን ዘበኛው በሰላምታ ያሳልፈዋል። በ1980ዎቹ ዓመታት አንዳንዶቹ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ሽመና ያዙ፤ ብዙዎቹ ግን በዚያው ቀሩ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት በደኑ ውስጥ ለመሮጫና ለብስክሌት የሚሆኑ መንገዶች ተዘጋጁ። ለጤናው የሚሮጠው የከተማ ሰው ተጠቅሟል። በአንዱም ማዕዘን ላይ ግን መንገዱን መጀመሪያ የጠረጉትን ሴቶች የሚያነሣ ጽሑፍ አላየሁም።

ከተነጠፈው መንገድ ውጭ አሮጌዎቹ ቀጫጭን መንገዶች እስካሁን ይሠራሉ። ማለዳ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወርዱት ሴቶችና የሚወጡት ሯጮች በጠባቡ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ሯጮቹ ወደ ዛፎቹ መካከል ዘወር ብለው ያሳልፏቸዋል፤ ሸክም ያለበት ሰው ቍልቍለት ላይ መቆም አይችልምና።