ፈታይ፣ ሸማኔና ለባሽ፦ የጋቢ ስጦታ ታሪክ

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲይዝ ከመጀመሪያው ደመወዙ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ ማልበሱና ምርቃት መቀበሉ በኢትዮጵያ ከተሞች የታወቀ ልማድ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር በብዙ ቤት ባልነበረበት ዘመን ግን ስጦታው የሚመጣው በሌላ መንገድ ነበር። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ አማት ለአማቿ ጥጥ ፈትላ፣ ፈትሉን ለሸማኔ ሰጥታ፣ የተሠራውን ጋቢ ታለብስ ነበር። ከዚህም የተነሣ ጋቢ የብርድ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብን ዝምድና የሚገልጽ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ስለ ሸማ ውበት ብዙ ጊዜ ሲነገር ይሰማል፤ ስለ አሠራሩ፣ ስለሚጠይቀው ድካምና ስለ ሠሪዎቹ ዕጣ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ጥጥ በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሕንድ የሚመጣ የጥጥ ጨርቅ እንደ ነበረ ይዘረዝራል። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛናም በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ካጠፋው የጠላት ንብረት መካከል እህልና ጥጥ ይገኙበታል። ጥጥ ከእህል ጎን መቆጠሩ በዚያን ጊዜ ምን ያህል የከበረ ሀብት እንደ ነበረ ያመለክታል።

ጋቢ የሚሠራበት መንገድ በቅደም ተከተል የተያያዘ ነው። በመጀመሪያ ጥጡ ይዳመጣል፤ ይኸውም ፍሬው ከጭረቱ እንዲለይ በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይገፋል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲርገበገብ ጥጡ ተፍታቶ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በአመልማሎ መልክ ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። ለድር የሚሆነው ክር የሸማኔውን ዕቃ ውጥረት መቻል ስላለበት ጠበቅ ብሎ መክረር ይኖርበታል፤ ለማግ የሚሆነው ግን ላላ ብሎ ቢቀር ጨርቁ ይለሰልሳል፤ ሙቀትም ይይዛል። ጥሩ ፈታይ ይህን ልዩነት የምታውቀው በመሣሪያ ለክታ ሳይሆን በጣቷ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌም የድርን ጥንካሬ ከሚያውቅ ሕዝብ የወጣ ነው።

የድካሙን መጠን ለመረዳት ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። አንድ ጋቢ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ክርም 50 ግራም ይመዝናል ብንል፣ በጋቢው ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር ክር አለ ማለት ነው። ፈታይዋ በሰዓት 100 ሜትር ብትፈትል 200 ሰዓት ያስፈልጋታል። ከቤት ሥራዋ ተርፏት በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ብትፈትል ደግሞ መቶ ምሽት ይሆናል። መዳመጡና መንደፉ በዚህ ውስጥ አልገቡም። ቁጥሮቹ እንደ ክሩ ቅጥነትና እንደ ፈታይዋ ችሎታ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ የሚያሳዩት ነገር ግን አይለወጥም። ጋቢ የሰጠች እናት የሰጠችው ከጥጡ ይልቅ ምሽቶቿን ነው።

ፈትሉ ካለቀ በኋላ ሥራው ወደ ሸማኔው ይተላለፋል። ሸማኔው በጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ መርገጫዎቹን በእግሩ እየተጫነ ድሩን ይከፍታል፤ ማጉን የያዘውን መወርወሪያም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይወረውራል። መወርወሪያው በእጅ ስለሚወረወር የጨርቁ ስፋት የሰው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም። በዚህ ምክንያት ጋቢ ከአንድ ሰፊ ጨርቅ አይወጣም፤ ረጅሙ ጨርቅ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ተሰፍቶና ተደርቦ ነው አራት ድርብ የሚሆነው። ነጠላ ከዚህ የሳሳ ነው፤ ቡሉኮ ደግሞ ይከብዳል።

ድርብነቱ የሙቀት ምሥጢሩ ነው። የረጋ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ ዐቅሙ በሜትር በኬልቪን 0.025 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን ይህም ከጥጥ ጭረት ዐቅም በእጅጉ ያንሳል። በአራቱ ድርብ መካከልና በላላው ማግ ውስጥ የሚያዘው አየር ነው እንግዲህ የደጋውን ብርድ የሚከላከለው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው፣ ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ አንድ ነጠላ ጨርቅ ይህን ያህል አያሞቅም።

ሌሎች ሕዝቦችም በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ በመጠቀም የስጦታ ልብስ ሠርተዋል። አሜሪካውያን «ኩዊልት» የሚሉት ብርድ ልብስ በላይና በታች ጨርቅ፣ በመካከሉም የተነደፈ ጥጥ ወይም ሱፍ ኖሮት ሦስቱ በመርፌ የሚያያዙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በባልቲሞር ከተማ ወዳጆች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ካሬ ጨርቅ እየሰፉ፣ ብዙ ጊዜም ስማቸውን በቀለም እየጻፉበት፣ ካሬዎቹን አጋጥመው ለሚያከብሩት ሰው ወይም ወደ ሌላ ቦታ ለሚዛወር ሰባኪ ይሰጡ ነበር። እዚያ የሠሪዎቹ ስም በጨርቁ ላይ ቀርቷል። ጋቢ ግን ነጭ ነው፤ የፈታይዋም ሆነ የሸማኔው ስም አይጻፍበትም። የፈታይዋን ስም ቤተሰቡ በቃል ያስታውሰዋል። የሸማኔውን ስም የሚያስታውስ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሥራ ነበር፤ እነርሱም የርስት መሬት የማግኘት መብታቸው የተገደበ ነበር። በደቡብ በሽመና የታወቁት የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋ አካባቢዎች ሰዎች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሰፍረው ከተማይቱን አለበሱ። ይሁን እንጂ ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ሰው በሠርጉ፣ በበዓሉና በቤተ ክርስቲያን የሚደምቅበትን ልብስ የሠራውን እጅ ይንቅ ነበር ማለት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ስድቡም በራሳቸው ላይ እንደ ተሰነዘረ እንደሚቆጠርና ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስታወቁ። ዐዋጁ የሥራን ክብር በሕግ ያጸና ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይለወጥምና ንቀቱ ለብዙ ዘመን ቀጥሏል።

በዚያው ዘመን ሌላ ተወዳዳሪ መጣ። አቡጀዲ የሚባለው የአሜሪካ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ገበያውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካው መልክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል ዋናው የንግድ ጉዳይ ይኸው ጨርቅ ነበር። በኋላም በድሬዳዋ፣ በአቃቂና በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ፤ የባሕር ዳሩ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራ ነው። ጋቢ ግን አልጠፋም። የሆነው ነገር ድሩ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ መቀጠሉ ነው። ይህም ከሥራው ባሕርይ ጋር የተስማማ ክፍፍል ነው፤ ጥንካሬ የሚፈለግበትን መኪና ሠራው፤ ልስላሴና ሙቀት የሚፈለግበትን የፈታይዋ ጣት ያዘው።

የእንግሊዝ አገር ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ የሚሳብ መወርወሪያ በሠራ ጊዜ አንድ ሸማኔ ሰፊ ጨርቅ በፍጥነት ለመሥራት ቻለ፤ ነገር ግን ፈትሉ አልደርስ አለ። የመፍተያ መኪናዎች የተፈለሰፉት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። በኢትዮጵያም ብዙውን ሰዓት የሚወስደው ፈትል እንደ ሆነ ከላይ የቀረበው ስሌት ያሳያል። ስለዚህ የሙያ ሰዎች ለዚህ ዕደ ጥበብ ሊረዱ ቢፈልጉ የሸማኔውን ዕቃ ከማሻሻላቸው በፊት ጥጡ የሚዳመጥበትንና የሚነደፍበትን መሣሪያ፣ እንዲሁም የፈታይዋን ድካም ማየት ይገባቸዋል። የሸማኔው አቀማመጥም ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ወገቡን አጉብጦ ዕድሜውን የሚገፋ ሰው ነውና።

ዛሬ ጋቢ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ በባዕድ አገር የሚኖር ልጅም የእናቱን ስጦታ በዚያው ብርድ ይደርበዋል። ስጦታው ሲደርስ የሚመሰገነው ሰጪው ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጋቢ ብዙ ምሽት የፈተለች ሴትና በጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ ሸማኔ አሉት። ገዝቶ የሚሰጥ ሰው የሸማኔውን ስም ጠይቆ ለተቀባዩ ቢነግር፣ ዋጋውን ሲከራከርም የፈታይዋን ሰዓት ቢያስብ፣ የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ የጀመረውን ሥራ በራሱ ቤት ይፈጽማል።