ስንት ዓመቱ ነበር?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሞት ነው። አትሽሹ፤ ላስለቅሳችሁ አይደለም፣ ሒሳብ ላሳያችሁ ነው። (የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለቅሶ ቤት ስንገባ ከ‹‹እግዜር ያጥናችሁ›› ቀጥላ የምትመጣዋን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን። ‹‹ስንት ዓመታቸው ነበር?›› መልሱ ‹‹ሰማንያ አምስት›› ከሆነ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ‹‹እንግዲህ ዕድሜ ጠግበዋል›› ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ካርታውም ይወጣል፣ ጨዋታውም ይደራል። መልሱ ‹‹ሃያ አራት›› ከሆነ ግን ጨዋታ የለም። ‹‹በአጭሩ ተቀጨ›› እንላለን። ሁለቱም አንድ አንድ ሞት ናቸው፤ እኛ ግን እኩል አንቆጥራቸውም። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህንኑ የለቅሶ ቤት ጥያቄ ወደ ቁጥር ለመለወጥ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

ነገሩን የቆሰቆሰችብኝ አያቴ ናት። ስንት እንደወለደች ስትጠየቅ ሁሌም ‹‹ስምንት ወልጄ አምስት አሳደግሁ›› ትላለች። አንዷ በሁለት ዓመቷ፣ አንዱ በአራት ዓመቱ፣ ሁለቱም በኩፍኝ፤ የመጨረሻው ደግሞ ስም ሳይወጣለት፣ በተወለደ በአምስተኛው ቀን። ሦስቱ የት ተጻፉ? የትም። የአገሪቱ የሞት ቁጥር ውስጥ አሉ? እሱን ነው የምናየው።

የዚህ ሒሳብ ታሪክ ለንደን ይጀምራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደንን ወረርሽኝ አይለያትም ነበርና፣ በየሳምንቱ ስንት ሰው በምን እንደሞተ የሚዘረዝር ወረቀት እየታተመ ይሸጥ ነበር። ጆን ግራንት የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የብዙ ዓመታቱን ወረቀት ሰብስቦ ይደምር ጀመር፤ ያገኘውንም በ1662 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ከሚወለዱ 100 ልጆች 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ፣ አሥራ ስድስተኛ ዓመታቸውን የሚያዩት ደግሞ 40 ብቻ እንደሆኑ ገመተ።

ገመተ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የሟቾቹ ዕድሜ አልተጻፈም! ግራንት የልጆቹን ቁጥር ያወጣው ሕፃናትን የሚያጠቁትን በሽታዎች ለይቶ በመደመር ነው። ዕድሜ መጻፍ የተጀመረው በ1728 ነው። መረጃውን የሚሰበስቡትም ሐኪሞች ሳይሆኑ በየአጥቢያው የተመደቡ አሮጊቶች ነበሩ፤ ሬሳውን አይተው፣ ቤተሰቡን ጠይቀው ‹‹የሞተው በዚህ ነው›› ይላሉ። ግራንት ራሱ አያምናቸውም ነበር። ትንሽ ቢራ ከቀመሱና ክፍያው እጥፍ ከሆነላቸው፣ ቂጥኝ የገደለውን ሰው ሳንባ ነቀርሳ ገደለው ብለው ያልፋሉ ይል ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ 1947፣ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ሜሪ ዴምፕሲ የብሔራዊ የሳንባ ነቀርሳ ማኅበር የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበረች። በዚያን ጊዜ በቲቢ የሚሞተው ሰው ቁጥር እየቀነሰ፣ ልብ ሕመምና ካንሰር ደግሞ ከፊት እየቀደሙ ነበር። ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው ‹‹የቲቢ ነገር አለቀ›› ቢል አይፈረድበትም። ዴምፕሲ ግን የሟች ቁጥር ሙሉውን ታሪክ አይናገርም ብላ ተነሳች። ልብ ሕመም በአብዛኛው ዕድሜው የገፋውን ሲወስድ ቲቢ ወጣቱን ይወስዳል። ስለዚህ ሟቾችን መቁጠር ትታ፣ እያንዳንዱ ሟች ሊኖራቸው ይችል የነበሩትንና የጠፉትን ዓመታት ቆጠረች። በዚህ ስሌት ቲቢ ተመልሶ ትልቅ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ መስመር እናስምር፤ 65 ዓመት እንበል። በ25 ዓመቱ የሞተ ሰው 40 ዓመት ጠፋበት። በ60 ዓመቱ የሞተ 5 ዓመት። አንዱ የ25 ዓመት ወጣት ከስምንት የ60 ዓመት ሰዎች ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። በ70 ዓመቱ የሞተው ግን ዜሮ።

ዜሮ! ጣጣው እዚህ ጋ ይጀምራል። መስመሩን የሚያሰምረው ማነው? በ1977 ሮሜደርና ማክዊኒ የተባሉ ሁለት ካናዳውያን መለኪያውን ሲያሻሽሉ ከ1 እስከ 70 ዓመት ያለውን ብቻ እንቁጠር አሉ። ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ተዉአቸው፤ የእነሱ ሞት የራሱ ምክንያቶች አሉት፣ ለብቻው ይለካል፣ እዚህ ከገባ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል ብለው። ለካናዳ ምክንያቱ ያስኬድ ይሆናል።

እስቲ በአያቴ ቤት እንሞክረው። የሁለት ዓመቷ ልጅ 68 ዓመት፣ የአራት ዓመቱ 66 ዓመት፣ ድምር 134። የአምስት ቀኑስ? አልተቆጠረም። ቢቆጠር ኖሮ ድምሩ ወደ 204 ይጠጋ ነበር። አንዲት መስመር የአንዲት እናትን ሐዘን አንድ ሦስተኛ አጠፋችው።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ሙከራ የዓለም ባንክ በ1993 ባወጣው የልማት ሪፖርት ላይ የታየው ነው። ክሪስቶፈር መሪና አለን ሎፔዝ የመላው ዓለምን በሽታ በአንድ ሚዛን ለመለካት ተነሱ። በሞት የጠፉትን ዓመታት ብቻ ሳይሆን በሕመምና በአካል ጉዳት የተጎዱትንም ጨመሩበት። (ተመሳሳይ ሐሳብ ጋና ውስጥ የሠራ ቡድን በ1981 አሳትሞ ነበር፤ ሐሳቡ ከፈረንጅ አገር ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ።) መሪና ሎፔዝ አንድ የማደንቀውን ነገር አደረጉ፤ መስመሩን ለሁሉም አገር አንድ አደረጉት፣ ለወንድ 80 ለሴት 82.5። ያኔ የኢትዮጵያ አማካይ ዕድሜ ከሃምሳ በታች ነበር። የእኛ መስመር በራሳችን አማካይ ቢሰመር ኖሮ፣ ‹‹ድሮም ብዙ አትኖሩም ነበር›› ተብለን የጠፋብን ሁሉ ትንሽ ይመስል ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ለዕድሜ ዋጋ ሰጡ። 25 ዓመት አካባቢ ያለ ሰው አንድ ዓመት ከሕፃኑም ከሽማግሌውም አንድ ዓመት በለጠ፤ ወደፊት የሚኖረውም ዓመት እንደ ባንክ ወለድ በየዓመቱ 3 በመቶ እየተቀነሰለት ተሰላ። ሱዲር አናንድና ካራ ሃንሰን የተባሉ ምሁራን በ1997 ይህን አጥብቀው ተቹ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ2012 በወጣው አዲስ ጥናት ሁለቱም ቀሩ። ሕፃኗ እኩል የሆነችው ሃያ ዓመት ገደማ ተከራክረው ነው።

እሺ፣ መለኪያው ተሻሻለ። ግን ሁሉም ስሌት አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደሞተ። ይህ እኛ ጋ ከየት ይምጣ? የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትና የሞት መዝገብ ይኑር ብሎ ነበር፤ ግን ማስፈጸሚያ ደንብ እስኪወጣ ተብሎ ታገደ፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመትም ታግዶ ቀረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2012፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረውም በ2016 ነው።

በመሐሉ ባለሙያዎች ብልሃት ፈለጉ። በ2001 አዲስ አበባ ውስጥ ተመራማሪዎች ወደ ቀብር ቦታዎች ሄዱ፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በሙስሊም መቃብርና በማዘጋጃ ቤት የቀብር ቦታ የሟቹን ዕድሜና ቤተሰቡ የሚለውን የሞት ምክንያት አስመዘገቡ። ጊዜው የኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ነበርና ‹‹ኤድስ ነው›› የሚል ብዙ ቤተሰብ አልነበረም። ‹‹የሳንባ በሽታ›› ይባል ነበር። የለንደኖቹን አሮጊቶች አስታወሳችኋቸው? ከ340 ዓመት በኋላም ያው ነውር፣ ያው ሳንባ። ተመራማሪዎቹ ግን እነዚህን መሸፈኛ ቃላት ራሳቸውን መፍቻ አደረጓቸው፤ ከ20 እስከ 64 ዓመት ባለው የከተማው ነዋሪ መካከል ከሚሞተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኤድስ መሆኑ ታወቀ። በ2005 ነፃ መድኃኒት ሲጀመርም ቁጥሩ መውረዱን ያሳየው ይኸው የቀብር መዝገብ ነው።

ለሕፃናቱ ደግሞ መፍትሔው እናቶች ሆኑ። ከ2000 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች ቤት ለቤት ዞረው ‹‹ስንት ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አለ? የሞተው በስንት ዓመቱ?›› ይላሉ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000ው ጥናት ከ1,000 ልጆች 166 ነበሩ፤ በ2016ቱ 67። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ የታወቀውም በእናቶች ትዝታ ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ነው። በ2000 አያቴ ሃምሳን አልፋለች። ማንም አልጠየቃትም።

ዛሬ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዕድር ጥሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ለመሄድ ግን የውርስ ወረቀት ካላስፈለገን ማን ይነሳል? ሕፃን ደግሞ ውርስ የለውም። ያልተጻፈ ሞት ደግሞ ክትባት አያስመጣም፣ በጀት አያስመድብም።

ባለፈው ሳምንት አያቴ ዘንድ ሄጄ የሦስቱን ዕድሜ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ሳታመነታ ነገረችኝ። በደብተሬ ጻፍኩት። የመጨረሻው ስም ስላልነበረው ‹‹ወንድ ልጅ፣ አምስት ቀን›› ብያለሁ።

እናንተም ቤት ጠይቁ እስቲ። ቸር ይግጠመን!