የስቶክሆልም ኤግዚቢሽንና የእኛ አገር ባለ እጅ

ከዓድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ሲገዙ፥ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም አንድ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ይኸውም ከግንቦት 1889 ዓ.ም. እስከ መስከረም 1890 ዓ.ም. ቆየ። ምክንያቱም የንጉሥ ኦስካር 2ኛ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ነበር። (አገራችንም በ1948 ዓ.ም. የብር ኢዮቤልዩ ሲከበር በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ ነበር።)

ስዊድን በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው ባለጸጋ አልነበረችም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ገበሬዋ መሬትና እንጀራ አጥቶ ወደ አሜሪካ ተሰዶባታል። ስለዚህ በዓሉ ለንጉሡ ክብር ብቻ የተደረገ አይመስለንም።

ዩርጎርደን በምትባለው ደሴት ላይ ፈርዲናንድ ቦበርግ የሚባለው አርክቴክት የነደፈው፥ ጉልላቱ ከሩቅ የሚታይ የእንጨት አዳራሽ ተሠራ። የኤሌክትሪክ መብራት በራ፤ ሲኒማም ታየ። ከዚሁ ጋር ድሮ የነበረችው ስቶክሆልም በአምሳያ ተሠርታ ቀረበች። አዲሱን ለማሳየት ሲሉ አሮጌውን አለማፈራቸው እኛን በጣም ደስ አሰኝቶናል።

በዚያ ዘመን የስዊድንን ስም ካስጠሩት መሣሪያዎች አንዱ ጉስታፍ ደ ላቫል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 የሠራው የወተት መኪና ነው። ወተቱ በፍጥነት ሲሽከረከር ከባዱ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ቀላሉ ስልባቦት መካከል ላይ ይቀራል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር እናቶቻችን ወተቱን አርግተው በቅል ሲንጡ የሚውሉበትን ድካም የሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም አይጠፋውም።

ነገር ግን እኛን ያስገረመን መኪናው ሳይሆን የሠሪው ክብር ነው። ስዊድን ብረት በማቅለጥና በመቀጥቀጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖራለች፤ ብረት ሠሪዋም በንጉሥ ፊት ሥራውን አሳየ። በእኛ ገጠር ግን ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ቤት አሠርቶ ይወስድና፥ ዞር ሲል ያንኑ ሰው ቡዳ ይለዋል፤ ልጁንም አይድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም በገበያ ቀን ይሰማል።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ ስቶክሆልምንም አይተዋል። ለአውሮፓው ጉዞ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ ነበሩ። የቦበርግ አዳራሽ ግን ያን ጊዜ ፈርሶ ነበር፤ ለኤግዚቢሽኑ የተሠራው ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረው ድልድይ እስከ ዛሬ አለ።