ቅቤና አይብ በባዕድ ገበታ ከደብረ ኤልያስ ደጋ እስከ ዋሽንግተን

ደብረ ኤልያስ ስሟ የሚነሣው በቅኔ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን የቆሎ ተማሪዎች መናኸሪያ ሆና ኖራለች። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ይኸው ደብር ነው። እሳቸው በኋላ በኢጣሊያ ምርኮኛ፣ ከነፃነት ወዲህም በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው ኖረዋል። ከዚያ ደጋ ወጥቶ በባዕድ ገበታ የተቀመጠ የጎጃም ሰው ከዚያ ወዲህ እጅግ በዝቷል። እህሉን ሁሉም እንደምንም ይለምደዋል፤ ቅቤው ግን ቶሎ አይለመድም።

ነገሩን ለመረዳት ቅቤው በአገሩ ምን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የጎጃም ደጋ ላም በቀን ከአንድና ከሁለት ሊትር ብዙም የማያልፍ ወተት ትሰጣለች፤ ወተቷ ግን ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ ስብ ይበዛዋል። እመቤቲቱ የየቀኑን ጥቂት ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ታጠራቅማለች። ወተቱ በሁለት በሦስት ቀን ረግቶ እርጎ ሲሆን በቅል ትገፋዋለች። ቅቤው ተለቅሞ ሲወጣ አሬራው ይቀራል። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ይሆናል። ከአንድ ማለቢያ የወጣ ነገር እንዲህ ተከፋፍሎ ምንም ሳይጣል ያልቃል። ወተቱ ሳይፈላ በራሱ ጊዜ ስለሚረጋ፣ ዕቃውም ስለሚታጠን ቅቤው ገና ከቅሉ ሲወጣ የራሱ መዓዛ አለው። ሲከርምም ስቡ ቀስ በቀስ እየተፈታ ጠረኑ ይበረታል። ገበያው ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብሎ የሚለየው ይህንኑ የዕድሜ ደረጃ ነው።

በዚህ ላይ ጾሙ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወተትና የወተት ውጤትን ይከለክላል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ዕለታት፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ ፍልሰታ። ላሟ ግን የጾም ቀን አትቈጥርም። ጠዋት ማታ የምትታለበው ወተት ጾም እስኪፈታ ሊቆይ አይችልም፤ ቅቤ ሆኖ ግን ይቆያል፤ ከተነጠረ ደግሞ ከወር አልፎ ይከርማል። ስለዚህ ቅቤ ማለት በዚህ አገር ከምግብነቱ ሌላ ጾምን መሻገሪያ ነው። በጾሙ ወራት ወጡ በኑግ ዘይት ይሠራል፤ ጾሙ ሲፈታ ቅቤው ይመለሳል። የጎጃም ባለሙያ ሴት አንዱን ቅባት በሌላው መተካትን የተማረችው አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በስደት አገር ያየችው ችግር አዲስ ቢሆንም ዘዴው ግን ለእጇ እንግዳ አልነበረም።

በሌላው ወገን የሆነው ለውጥ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ገበሬ ሚስት የምታደርገው ከጎጃሟ እመቤት ብዙ የተለየ አልነበረም። ወተቱን ወይም ክሬሙን አቆይታ ካኮመጠጠች በኋላ ትንጠዋለች፤ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረውን አሬራ ደግሞ ከሶዳ ጋር ለዳቦና ለኬክ ታውለዋለች። የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አየር ስለሚፈጥር ሊጡ ያለ እርሾ ይነፋል። ዛሬ በየማብሰያ መጽሐፉ «በተርሚልክ» እየተባለ የሚጻፈው ነገር በመጀመሪያ ትርጒሙ አሬራ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1878 ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል ክሬምን ከወተት የሚለይ መኪና ከሠራ ወዲህ ግን ሥራው ከቤት ወደ ፋብሪካ ሄደ። ክሬሙ ሳይኮመጥጥ ይወጣል፤ ተሞቆም ተሕዋስያኑ ይጠፋሉ፤ የሚናጠውም ጣፋጭ ሆኖ ነው። የቀድሞው አሬራ ከገበያ ሲጠፋ ፋብሪካው ስብ የወጣለትን ወተት በእርሾ አኮምጥጦ በዚያው ስም መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካ ምክር ቤት ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ የወተት ስብ እንዲኖረው በሕግ ወሰነ። ሕጉ የስቡን ልክ ሲወስን ስለ ጠረኑ ያለው ነገር የለም።

በኢትዮጵያም ዘመናዊው ወተት ቀርቶ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት በኩል የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ወደ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሾላ የተባለው ማቀነባበሪያም ተከተለ። በጠርሙስ የታሸገውን ወተት የዋና ከተማው ነዋሪ ለመደው። የደጋው ቅቤ ግን በቅልና በእጅ ሥራ ቀጠለ። ስለዚህ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ በብዛት ወደ ውጭ የወጣው ትውልድ ሁለቱንም የሚያውቅ፣ ምላሱ ግን ከቅሉ ጋር የቀረ ትውልድ ነበር።

የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ መንገዱ ሰፋ። ከዚያ አስቀድሞ ጥቂት ምግብ ቤቶች ተከፍተው ነበር፤ የመጀመሪያው የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች፣ በዋሽንግተን ደግሞ «ማማ ደስታ» እ.ኤ.አ. በ1978። ስለ እንጀራው ብዙ ተጽፏል፤ ጤፍ በአይዳሆ እስኪበቅል ድረስ በስንዴና በገብስ ዱቄት እንዴት እንደ ተጋገረ ይተረካል። የቅቤው ታሪክ ግን ቢያንስ እኩል ሊነገር ይገባው ነበር፤ እንጀራ ቢለወጥ ወጡ ይሸፍነዋልና፣ ወጥ ቅቤው ቢበላሽበት የሚሸፍነው የለም።

የመጀመሪያው ትምህርት ጨው ነበር። የፈረንጅ ቅቤ በአብዛኛው ጨው የገባበት ነው፤ ሲነጠር ጨው ከሥሩ ይዘቅጣል፣ አረፋውም ይበዛል። ጨው የሌለውን መርጦ መግዛት ግድ ሆነ። 454 ግራም ከሚመዝነው አንድ ፓውንድ ቅቤ ውስጥ ስቡ 363 ግራም ያህል ነው፤ የቀረው ውሃና የወተት ዝቃጭ ስለሆነ ሲነጠር አንድ አምስተኛው ይጎድላል። ሁለተኛው ትምህርት የጠረኑ ነገር ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹና ነጭ አዝሙዱ በአገር ቤት ቅቤውን የሚያጅቡ ናቸው፤ በውጭ ግን የቅቤውን ጠረን ራሳቸው እንዲሸከሙ ተፈረደባቸው። በመዓዛ ባዶ የሆነውን ቅቤ ቅመሙ ያሸተዋል እንጂ አያበስለውም። ለዚህም ነው በስደት የሚነጠረው ቅቤ ውስጥ ኮሰረቱ በዝቶ የሚገኘው። በፈረንሳይና በዴንማርክ ክሬሙ ከመናጡ በፊት በእርሾ የሚኮመጥጥበት ቅቤ ስላለ በአውሮፓ የተቀመጡት በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ከለጋው ቅቤ ጋር የሚያዛምደው ነገር አለው። የወይራው ጭስ ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

አይቡ ሌላ ነው። በሱቅ ያለው ካቴጅ ቺዝ በመልክ አይብ ይመስላል፤ ነገር ግን የረጋው ወተት ከተቈራረጠ በኋላ ጨውና ክሬም የሚለወስበት ስለሆነ ከክትፎና ከጎመን ጋር ሲቀርብ ይቀልጣል፣ ይጨማለቃል። አንዳንዶቹ በውሃ አጥበው፣ በጨርቅ አጥልለው ይጠቀሙበታል። ሪኮታ የሚመርጡም አሉ፤ ለስላሳነቱ ይቀርባል፣ ኮምጣጣነቱ ግን የለም። የሚሻለው መንገድ በተርሚልኩን ገዝቶ በድስት በዝግታ ማሞቅ ነው። እሳቱ ከበረታ አይቡ እንደ ጎማ ይጠነክራል፤ እጅን በማያቃጥል ሙቀት ከቆየ ግን ተንሳፎ ይሰበሰባል፤ አጓቱም ተለይቶ ይጠልላል። የአገር ቤት አይብ ወደ 79 በመቶው ውሃ፣ 15 በመቶ ገደማ ፕሮቲን፣ ስቡም ከ2 በመቶ በታች ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ከዚያ ብዙ አይርቅም። የፋብሪካው አስመሳይ አሬራ በስደተኛዋ ድስት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

በመጋገር በኩል የሚታየው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። የኢትዮጵያ ገበታ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ የለውም፤ ለበዓል ድፎ ዳቦ፣ ለአራስ በቅቤ የሚበላ ገንፎ፣ ለመንገድ በሶና ጭኮ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በሰላም ጓድ ሥር በየክፍለ ሀገሩ ሊያስተምር የመጣ አሜሪካዊ የእናቱን ኬክ በደብረ ማርቆስ ገበያ ቅቤ ለመጋገር ቢያስብ የሚገጥመው ችግር የስደተኛይቱ ችግር ተገልብጦ ነው፤ ቅቤው ጭስ ጭስ ይላል፣ ውሃውም ከፋብሪካው ቅቤ ይበዛል። የተነጠረውን ቢጠቀም ደግሞ ስቡ ንጹሕ ስለሆነ በ100 ግራም ቅቤ ፈንታ 80 ግራም ወስዶ ቀሪውን በውሃ ወይም በወተት መሙላት አለበት፤ ከስኳር ጋር ሲመታም አየር በደንብ አይዝለትም። አሬራ ግን ከጎረቤት በቅል ይመጣለታል። ከሶዳ ጋር ሊጡን የሚነፋው፣ ቅድመ አያቱ የምታውቀው እውነተኛው አሬራ እሱ ነው።

ቅቤውን ራሱን ከአገር ይዞ መሄድ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ወተትና የወተት ውጤት በሻንጣው ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ምክንያቱም አፍተግርን የመሰሉ የከብት በሽታዎች እንዳይዛመቱ ነው። ሕጉ ከእናት ለልጅ የተላከን አንድ ጠርሙስ ቅቤ ከሌላው አይለይም። ስለዚህ በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ በቅዳሜ ሹር ዕለት፣ በዋሽንግተን ያለች የጎጃም ሴት ጨው የሌለውን ቅቤ ከነወረቀቱ ደርድራ በትልቅ ድስት ትነጥራለች። መስኮቱን ትከፍታለች፤ ጎረቤቶቿ ጠረኑን አይወዱትምና። ለዶሮው የሚበቃውን ትቀንሳለች፤ የቀረውን በጠርሙስ ገልብጣ ከነሙቀቱ ትከድናለች።